በስሜን ግርጌ የሰፈር ምርጫ፤ ከጎንደር መቈርቈር እስከ ግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ መዛወር

ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ አዲስ ከተማ ለገባ ሰው ዘመድ ወዳጁ በመጀመሪያ የሚያቀርብለት ጥያቄ «የት ሰፈርክ?» የሚል ነው። ጥያቄው የቦታን ስም ለማወቅ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ሰውዬው ከማን ጋራ ውሃ እንደሚቀዳ፣ በማን ሠርግ እንደሚጠራ፣ ሲታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ ሲሞትም ማን ተሸክሞ እንደሚቀብረው ሁሉ በአንድነት ይጠይቃል። ስለዚህ የሰፈር ምርጫ ታሪክ ከቤት አሠራር ታሪክ ይልቅ ለጉርብትና፣ ለሃይማኖትና ለርስት ታሪክ የቀረበ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጉዳይ በስሜንና በወገራ ምድር ለመመርመር የሚያነሣሣ የቅርብ ጊዜ ምክንያት አለ። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሚገኘው ከግጭ መንደር 418 አባወራዎችን የማዛወሩ ሥራ በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. ተፈጸመ። ወደ 2,500 የሚጠጋ ሕዝብ ከደጋው ወርዶ የደባርቅ ከተማ ነዋሪ ሆነ። ስለዚህ ዝውውር ሲነገር በአንድ ወገን የዋልያና የጭላዳ ጥበቃ ይነሣል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሰዎቹ ከአያት ቅድመ አያት መንደራቸው መልቀቃቸው ይነሣል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱ መካከል አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከተማ የገባው ቤተ ሰብ በከተማው ውስጥ ሰፈርን ያገኘው እንዴት ነው የሚለው ነው። የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት የአካባቢው ሕዝብ በቀድሞው ዘመን ሰፈርን በምን ይመርጥ እንደነበረ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

የቃሉ ትርጓሜና የጦር ሰፈር ሥርዐት

«ሰፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ዋና ዋና ትርጓሜ አለው። አንደኛው ጓዙን አራግፎ ዐረፈ፣ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ሁለተኛው እህልን በቍና ለካ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ትርጓሜ «ሰፈር» የሚለው ስም ወጣ፤ ከሁለተኛው ደግሞ «ስፍር» የሚለው ተገኘ። ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ግሥ መገናኘታቸው ከዚህ በታች ለሚመጣው ጉዳይ ጠቃሚ ሆኖ ይታያል።

ሰፈር ከተማ ሳይሆን በፊት የጦርና የቤተ መንግሥት ማረፊያ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዐይኑ አይቶ ጽፏል። የንጉሡ ድንኳኖች በመካከል ይተከላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ድንኳኖች፣ የፍርድ ቦታውና ገበያው እያንዳንዳቸው የታወቀ ስፍራ አላቸው፤ ቀኙና ግራውም ለየባለማዕርጉ የተመደበ ነው። ሰፈሩ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ቢነሣም ሥርዐቱ አይፈርስም። ስለዚህ ማንም ሰው በማያውቀው ምድር እንኳ ሌሊት ቢደርስ ድንኳኑን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም ነበር።

በእንዲህ ያለው ሥርዐት ሎሌው ቦታውን አይመርጥም፤ ቦታው በጌታው ማዕርግ የተወሰነ ነው። የሎሌው ምርጫ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ይኸውም የትኛውን ጌታ ልከተል የሚለው ነው። ጌታውን የመረጠ ሰው ሰፈሩንም፣ ጎረቤቱንም፣ ቀለቡንም አብሮ መረጠ ማለት ነው። ይህ ልማድ ለብዙ ዘመን ቆይቶ በ1879 ዓ.ም. ለተቈረቈረችው ለአዲስ አበባ መልኳን ሰጣት። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ኮረብታ ይዘው ሲሰፍሩ ተከታዮቻቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባለው ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ስሙ የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው እንጂ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አይደለም። ከዚህም ጋራ ሠራተኛ ሰፈር የባለእጆች፣ ዶርዜ ሰፈር የሸማኔዎች ሆነው ተሰየሙ። የኋለኞቹ ስሞች እንደሚያመለክቱት ጌታ የሌለው ሰው ሙያን ወይም የትውልድ አገርን እንደ ጌታ ጥላ አድርጎ ይጠጋ ነበር።

በባላገር፤ ርስትና አጥቢያ

በባላገር የሰፈር ምርጫ በሁለት ነገር የተያዘ ነበር፤ አንዱ ርስት፣ ሁለተኛው አጥቢያ ነው። በሰሜኑ የአማራ አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚጠየቅ ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዐት በጎጃም በደጋ ዳሞት ሲመረምር እንዳሳየው፣ አንድ ሰው በትውልድ ቈጠራ የሚደርስባቸው መሬቶች ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም ሊይዝ አይችልም። ስለሆነም ጎጆ የሚወጣ ወጣት በየትኛው ወገኑ መንደር ብሰፍር የተሻለ መሬትና የበረታ ዘመድ አገኛለሁ ብሎ ይመዝን ነበር። በደም የተገኘው መብት ምርጫን የሚሰጥ እንጂ የሚከለክል አልነበረም። የመሬት ይዞታን ሥርዐት የለወጠው አዋጅ በ1967 ዓ.ም. እስከ ወጣ ድረስ የገበሬው ቤተ ሰብ የሚኖርበትን ስፍራ የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ምዘና ነበር።

ሁለተኛው ነገር አጥቢያ ነው። አጥቢያ ማለት አንድ ታቦት የሚያገለግለው የምእመናን ክልል ነው። ልጅ ክርስትና የሚነሣው፣ ሰንበቴና ማኅበር የሚጠጣው፣ በመጨረሻም ሰው የሚቀበረው በአጥቢያው ነው። ለሙስሊሙም መስጊዱና የመቃብር ስፍራው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ማግኘት ነበረበት፤ በሕይወት ሳለ የሚያርሰውን መሬትና በሞተ ጊዜ የሚቀበልበትን አፈር። መሬት አግኝቶ አጥቢያ ያላገኘ ሰው እንግዳ ተብሎ ይኖራል እንጂ ሰፈርተኛ አይባልም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረትም የዚህኑ ኑሮ ልምድ የሚያጠቃልል ነው።

የጎንደር ከተማ

ስሜንና ወገራ ለረጅም ዘመን ዐይናቸውን ወደ ጎንደር የጣሉ አገሮች ናቸው። በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲለደስ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የቈረቈሯት ይህች ከተማ የጦር ሰፈርን ሥርዐት ወደ ድንጋይ ቤት የለወጠች ናት ሊባል ይቻላል። ቀኝ ቤትና ግራ ቤት የሚሉት የሰፈር ስሞች ከድንኳኑ ዘመን የቀጠሉ ናቸው። ከእነርሱም ጋራ የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት፣ የሙስሊሞቹ ሰፈር እስላም ቤት ተብለው ይጠሩ ነበር።

በዚህች ከተማ ሰፈርን መምረጥ ለሁሉ እኩል የተፈቀደ አልነበረም። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ወሰነ፤ ውሳኔው ከዐሥር ዓመት በኋላም እንደገና ታወጀ። በዚህ ምክንያት ሙስሊሞቹ ነጋድያንና ሸማኔዎች በከተማዋ ዝቅተኛ ወገን፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ግንበኞች፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች የነበሩት ቤተ እስራኤልም በየሰፈራቸው ተለይተው ተቀመጡ።

አዋጁ ሰዎችን ለመለየት የወጣ ቢሆንም በተለዩት ሰዎች መካከል የተፈጠረውን ነገር ማስተዋል ይገባል። የሙስሊሙ ሰፈር ከምጽዋ እስከ ጎንደር ለሚመላለሰው ነጋዴ ማረፊያ፣ የአደራ ቤትና የወሬ ምንጭ ሆነ። በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንኳ በመጀመሪያ ያረፈው በዚሁ ሰፈር ነበር። ብሩስ በሰላም ጊዜ በጎንደር ወደ 10,000 የሚጠጋ ቤተ ሰብ እንደሚኖር ገምቷል። የውጭ አገር እንግዳ፣ አዲስ ነጋዴና ዘመድ የሌለው ሁሉ የሚቀበለው ሰው ያለበትን ሰፈር አስቀድሞ ይጠይቅ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

እጨጌ ቤት ደግሞ ሌላ ዐይነት ጥቅም ነበረው። ይህ ሰፈር የመማፀኛ ስፍራ ስለነበረ ሽፍታ በተነሣ ጊዜና መንግሥት በተናወጠ ጊዜ ሕዝቡ ነፍሱንም ንብረቱንም ወደዚያ ያሸሽ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ለአንድ የጎንደር አባወራ ከእጨጌ ቤት አጠገብ መኖር ከሰፊ ግቢ የበለጠ ዋጋ ነበረው። ነገር ግን ጥላው ሁልጊዜ አላዳነም። ከተማዋ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የመሐዲስቶች ሠራዊት ገብቶ ዘረፋት፣ አቃጠላት። ሰፈርን የሚያጸና ጠባቂ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ ተበትኖ ወደ ባላገር ተመለሰ።

ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን የያዙት ኢጣሊያኖች ደግሞ የመለየትን ነገር በሌላ መሠረት አቆሙት። በመሐንዲሱ በጌራርዶ ቦዚዮ የወጣው የከተማ ዕቅድ የአውሮፓውያንን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለየ። ዐፄ ዮሐንስ በሃይማኖት የለዩትን ከተማ ወራሪው በዘር ለየው። በሁለቱም ዘመን አባወራው የሚሰፍርበትን ስፍራ የወሰነለት ከእርሱ በላይ ያለ ኃይል ነበር፤ ለእርሱ የቀረለት በተወሰነለት ክልል ውስጥ ጎረቤቱን መምረጥ ነበር። ይህችም ጥቂት ምርጫ ሰፈርን ሰፈር ለማድረግ በቅታለች።

ዳባትና ደባርቅ

ዳባትና ደባርቅ ከጎንደር ወደ ትግራይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ትገኛለች። ከተከዜ በኩል በበቅሎና በአህያ የሚመጣው ነጋዴ የሊማሊሞን ዳገት ከጨረሰ በኋላ የሚያርፈው በዚሁ አካባቢ ስለነበረ፣ የቦታው ጥቅም ከመንገድ የመጣ ነው። በኢጣሊያ ዘመን የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ገደል ተጠርቦ ካለፈ በኋላ ይህ ጥቅም ጨመረ። በ1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋምም ደባርቅ የፓርኩ መግቢያ ሆነች። ዛሬ ከተማይቱ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት።

ከደባርቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በተራሮቹ ሌላ ወገን የጃናሞራ ወረዳ ከተማ መካነ ብርሃን ትገኛለች። በዚሁ ወረዳ ያለችው ደረስጌ ማርያም ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ታላቅ ታሪክ የተፈጸመበት አገር ቢሆንም፣ መንገዱ አስቸጋሪ በመሆኑ የጃናሞራ ሰው ለትልቅ ገበያና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር መውጣት ግድ ሆኖበት ኖሯል።

ከእንዲህ ያለው ባላገር ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት የሚደረገው የቤተ ሰብ ዝውውር ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይፈጸምም። በመጀመሪያ የሚገባው ተማሪ ልጅ ነው። እርሱም ከአገሩ ልጆች ጋራ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ከቤቱ በሶና ዱቄት ስንቅ እየተላከለት ይማራል። ቀጥሎ ወንድም ወይም አጎት ለንግድ ወይም ለቀን ሥራ ይመጣና ከእርሱ ዘንድ ያርፋል። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ መንገድ በደረቀበትና ሥራ በቀለለበት ወራት፣ እናትና ትንንሾቹ ልጆች ይከተላሉ። በመጨረሻም አባት መሬቱን ለዘመድ በእኩል አርሶ አደር ሰጥቶ ይመጣል፤ ወይም እየተመላለሰ ሁለት ቤት ያስተዳድራል።

ይህ አካሄድ ቀርፋፋ ቢመስልም ብልኀት አለው። ሰፈሩ የሚመረጠው ቤተ ሰቡ ከመግባቱ በፊት፣ አስቀድሞ በገባው ልጅ ዐይን ነው። ውሃው በበጋ ይደርቅ እንደሆነ፣ እንጨት ከወዴት እንደሚመጣ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቁ፣ የክረምቱ ጭቃ ለበቅሎ የሚያስኬድ መሆኑ፣ ግቢው ላም ለማሰር የሚበቃ መሆኑ ሁሉ በኑሮ ይፈተናል። ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ጎረቤት ነው። የአገሩ ልጅ በቅርብ ካለ አዲሱ ሰው ወደ እድር ሲገባ የሚመሰክርለት፣ ዕቁብ ሲጥል ዋስ የሚሆንለት ያገኛል። መግቢያውን ከፍሎ በእድር መዝገብ የተጻፈ አባወራ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ነው። በባላገር አጥቢያ ይሰጥ የነበረውን ዋስትና በከተማ በአብዛኛው የሚሰጠው እድር ሆነ።

ስለዚህ ከጦር ሰፈር እስከ ደባርቅ የኪራይ ቤት ድረስ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ሰው አስቀድሞ ሰውን ይመርጣል፤ ቦታው ይከተላል። ጌታው፣ ዘመዱ፣ የሃይማኖት ወንድሙ ወይም የአገሩ ልጅ ካለበት ይሰፍራል እንጂ ቦታ ለክቶ ከያዘ በኋላ ጎረቤት አይፈልግም።

ከግጭ ወደ ደባርቅ

ግጭ በስሜን ተራሮች ደጋ ላይ የነበረ የገበሬ መንደር ነው። የእግር መንገደኛ ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃ በር ያድርና በማግሥቱ ግጭ ይደርስ ነበር። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግና ከብት ያረባሉ። ፓርኩ ከተቋቋመ ወዲህም አንዳንዶቹ ለጎብኝዎች በቅሎ በማከራየትና መንገድ በመምራት ተጨማሪ ገቢ ያገኙ ነበር። በቀድሞው ዘመን ሙስሊሙ በብዙ ስፍራ ከርስት ተገልሎ በንግድና በሸማ ሥራ ይኖር እንደነበር ሲታሰብ፣ ራሱን ችሎ የሚያርስና የሚያረባ የሙስሊም መንደር በስሜን አናት ላይ መገኘቱ በራሱ የታሪክ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፣ የዋልያውም ቍጥር እየቀነሰ በመሄዱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። ከዚህ መዝገብ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለው እርሻና ግጦሽ እንዲቀነስ ነበር። ከዚያም በፊት በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜናዊው ገደል በኩል የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በኃይል እንዲነሡ ተደርጎ ነበር። የግጭ ዝውውር ከዚያ የተለየ መሆኑን መንግሥት ሲያስረዳ፣ በውይይትና በፈቃድ የተደረገ፣ የገንዘብ ካሳና በደባርቅ የቤት መሥሪያ ቦታ የተሰጠበት መሆኑን ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ሲወጣም የግጭ መዛወር ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቈጠረ። በአንጻሩ ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የሌለበት የአፍሪካ ተፈጥሮ የሚለው ሐሳብ ከቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰ መሆኑን ሲከራከር ግጭን ዋና ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል።

የሁለቱን ወገን ክርክር ወደ ጎን ትቶ ነገሩን ከሰፈር ምርጫ አንጻር የተመለከተ ሰው አንድ ትልቅ ለውጥ ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ቦታው አስቀድሞ በአስተዳደር ተለክቶ ተሰጠ፤ ጎረቤት፣ እድር፣ ሥራና ገበያ በኋላ የሚፈለጉ ሆኑ። «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ ሁለት ትርጓሜዎች ለካ የሚለው ቀድሞ፣ ከሰው ጋራ ተቀመጠ የሚለው ተከተለ። ከጃናሞራ ቀስ ብሎ የሚመጣው ቤተ ሰብ በተማሪው ልጅ፣ በአጎትና በእናት ደረጃ በደረጃ የሚፈትነውን ነገር፣ የግጭ ቤተ ሰብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቤት ሳይኖረው ሊፈትነው ግድ ሆነበት።

ከዝውውሩ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ችግርም ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው። ገበሬው ከጎተራው ያወጣ የነበረውን እህል በገበያ ዋጋ መግዛት ጀመረ፤ ከብቱን የሚያሰማራበት መስክ አጣ፤ የካሳው ገንዘብ ለቤት ሥራና ለቀለብ ወጣ። በግጭ ሳለ ማረስና ማርባት ሙያው የነበረ ሰው በደባርቅ ሙያ እንደሌለው ተቈጠረ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት መቅረባቸው ለልጆች እውነተኛ ጥቅም መሆኑ አይካድም፤ ብዙ ወላጆች ወደ ከተማ የሚገቡትም ስለዚሁ ነው። ሆኖም ጥቅሙ ለልጅ ሲደርስ ጉዳቱ በአባትና በእናት ላይ የወደቀ ይመስላል።

የሌላ አገር ምሳሌና የካሳ ሕግ

እንዲህ ያለው ነገር በስሜን ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ እንግሊዛውያን በምሥራቅ ለንደን ቤትናል ግሪን ከሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ወደ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ስለተዛወሩ ቤተ ሰቦች ያጠኑትን አሳተሙ። አዲሶቹ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍልና የአትክልት ስፍራ ያላቸው፣ ከአሮጌዎቹ እጅግ የተሻሉ ነበሩ። ነገር ግን በአሮጌው ሰፈር ያገባች ሴት ልጅ ከእናቷ ቤት ጥቂት ርምጃ ርቃ ትኖር ነበር፤ ልጅ የሚጠብቅላት፣ በሕመም የሚደርስላት እናቷ ነበረች። በአዲሱ ሰፈር ቤቱ ተሻሻለ፣ እናት ግን ራቀች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሪባ ግድብ ምክንያት ከዛምቤዚ ወንዝ ዳር ስለተነሡት ወደ 57,000 የሚጠጉ የቶንጋ ሰዎችም ኤሊዛቤት ኮልሰንና ታየር ስካደር ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ጥናት ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ከእነዚህና ከሌሎችም ጥናቶች ተነሥቶ ማይክል ሰርኒያ የተባለው የማኅበረ ሰብ ሊቅ ከመፈናቀል የሚከተሉትን ስምንት አደጋዎች ሲዘረዝር፣ ከመሬት፣ ከሥራና ከቤት ማጣት ጋራ የማኅበራዊ ትስስር መበጠስን አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል።

በኢትዮጵያ ሕግ ይህ ጉዳይ የተጓዘበት መንገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የግጭ ዝውውር በተፈጸመበት ጊዜ ይሠራ የነበረው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የወሰነው አዋጅ ቍጥር 455/1997 ነው። ይህ አዋጅ በመሬት ላይ ለሰፈረ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ካሳ ያዝዛል፤ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬም ከመልቀቁ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ ዐሥር እጥፍ ይጨምራል። ቤት፣ ዛፍ፣ ሰብልና ገቢ ሁሉ ይቈጠራሉ። ጉርብትና ግን በመዝገቡ ስፍራ አልነበረውም። ይህን አዋጅ የሻረው አዋጅ ቍጥር 1161/2011 ግን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል የሚል አዲስ ነገር አስገባ። ይህም የአገሩ ሕዝብ በተረቱና በእድሩ ሲናገር የኖረውን ነገር የአገሩ ሕግ በጽሑፍ ማወቁን ያመለክታል። የግጭ ሰዎች ግን ከዚህ ሕግ በፊት ወጥተዋል።

በሕጉ መሻሻል ደስ መሰኘት ተገቢ ሲሆን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። የተቋረጠ ጉርብትና በገንዘብ ሊካስ ይችላል ቢባል እንኳ፣ ገንዘቡ ጎረቤትን አይመልስም። የጎንደር ታሪክ የሚያስተምረው ከዚህ የተለየ መፍትሔ አለ። በጎንደር ሰፈሩን የወሰነው አዋጅ ነበረ፤ መለየቱም በደል ነበረበት። ሆኖም የተለዩት ሰዎች አብረው ስለሰፈሩ፣ የንግድ መንገዳቸውና ሙያቸውም ስላልተቋረጠ፣ በተወሰነላቸው ስፍራ ጉርብትናቸውን ይዘው ቀጠሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መንደር በመላው እንዲነሣ ግድ በሆነ ጊዜ ቦታ ከመለካቱ በፊት ማን ከማን አጠገብ መስፈር እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ቤተ ሰቡም ጥቂት ሰዎቹን አስቀድሞ ልኮ አዲሱን ሰፈር እንዲፈትን ጊዜ መስጠት፣ መስጊዱን ወይም አጥቢያውን፣ እድሩንና የመቃብሩን ስፍራ ከቤቱ ቦታ ጋራ አብሮ ማሰብ ይገባል የሚል ነው። ይህ ሁሉ ከባላገር የሚመጣ ማንኛውም አስተዋይ አባወራ ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገው ነው።

በስሜንና በወገራ ከባላገር ወደ ከተማ የሚደረገው ጕዞ ገና አላለቀም። ከጃናሞራም ሆነ ከሌላው ደጋ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት የሚገባው ቤተ ሰብ ወደ ፊትም ይበዛል፤ አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱም ያለፈቃዱ። ከተማዎቹ ሲሰፉ የሚወጣው ዕቅድ የመንገዱን ስፋትና የቦታውን ካሬ ሜትር መወሰኑ የማይቀር ነው። «የት ሰፈርክ?» ተብሎ የሚጠየቀው አባወራ ግን የካሬ ሜትሩን ልክ አይመልስም፤ የጎረቤቶቹን ስም ይጠራል እንጂ። በደባርቅ ያሉት የግጭ ልጆች ይህን ጥያቄ ያለማመንታት የሚመልሱበት ቀን ሲደርስ፣ ዝውውሩ ያን ጊዜ ተፈጸመ ሊባል ይቻላል።